ሳልሞት የተከፈለኝ የእድር ገንዘብ

ጥቅምት 19 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ጠዋት 1፡30

ክኒኗን በቢላ ለሁለት። ግማሿን ዋጥኩ፤ ግማሿ ወደ ብልቃጥ። ባለቤቴ ለማ ጓሮ ፊቱን ይታጠባል፤ አላየኝም። ቢያይ ቤቱን በጩኸት ያፈርሰዋል። ሐኪሙ ሙሉ ክኒን፣ በቀን አራት ጊዜ ነው ያለው። ሐኪሙ ምን ቸገረው! የብልቃጡን ወለል የማየው እኔ ነኝ።

ቆይ። ቀኝ ዓይኔ ተከፈተ። ግራው እንደ ልማዱ ይለግማል። በአንድ ዓይን ነው የምጽፍልህ፣ ደብተሬ፤ መስመር ብስት እንደ ት/ቤት ሱፐርቫይዘር አትየኝ። ከሰዓት በኋላማ እኔና አንተ አንተዋወቅም። የዓይኔ ቆብ ይወርዳል፣ ምላሴ ይከብዳል፣ አገጬን በመዳፌ ደግፌ ነው የማወራው። ያኔ ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ነገር ስም ጠፋለት። መነጽር ተገዛ። ጥርስ ተነቀለ። ጠበል ገባሁ። አንዱ ክሊኒክ ጭንቀት ነው አለ፣ ሌላው ደም ግፊት። በማስተምርበት ት/ቤት ሰነፍ ተባልኩ፤ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ቡዳ በልቷታል። ለእያንዳንዱ ስም ከፈልን። ወርቄ ሄደ፣ የለማ ሞተር ሳይክል ሄደ። በመጨረሻ እዚሁ ጅማ ሆ/ል አንድ ወጣት ሐኪም ጣሪያ ጣሪያውን እዪ አለኝ። አየሁ። ዓይኔ ቀስ እያለ ሲዘጋ ልጁ ፈገግ አለ። ማያስቴኒያ ግራቪስ። ነርቩ ያዛል፣ ጡንቻው አይሰማም። ከተመረቀ ወዲህ በዚህ ሕመም ያየው ሁለተኛው ሰው እኔ ነኝ። መድኃኒት አለው ሲለኝ አለቀስኩ። ከውጭ ነው የሚገባው፣ አ.አ. ያለ አንድ ፋርማሲ ብቻ ነው የሚያስመጣው፣ እሱም ከሦስት ወር በታች አይሸጥም ሲል ደግሞ ለማ አለቀሰ።

ጥቅምት 21፣ ጠዋት 2፡00

ትናንት ከለማ ጋር ተጣላን። በሹክሹክታ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። የሹክሹክታ ጠብ ከሁሉም ይብሳል።

ነገሩ ገጠር፣ ሸቤ ያለው ቡናችን ነው። አባቴ ለእኔና ለወንድሜ ለደረጀ የተወልን። ደረጀ ነው የሚኮተኩተው፤ ድርሻዬን በየዓመቱ ይልክልኛል። ዘንድሮ ዛፉ እስኪጎብጥ ይዟል፣ ቀልቷል፣ መርገፍ ጀምሯል። ለለቃሚ የሚከፈል ገንዘብ ግን የለውም። አምናና ካቻምና የነበረውን ሁሉ ለእኔ ሕክምና አውጥቷል። አሁን አንድ ነጋዴ ዛፍ ላይ እንዳለ ልግዛችሁ ብሏል። ጥሬ ገንዘብ፣ ዛሬውኑ፣ በግማሽ ዋጋ። ነጋዴዎች የቸገረው ሰው ሽታ ከሩቅ ይደርሳቸዋል።

ለማ እንሽጥ ይላል። ደረጀም እሺ ብሏል። ለእህቴ ከሆነ ዛፉም ይሂድ ነው ያለው። ያበሳጨኝ ይሄ ነው። አምስት ልጆች አሉት፤ ልብሳቸውም ደብተራቸውም ከዚያ ቡና ነው። የእኔ ዓይን ይከፈት ብዬ የነሱን ጉሮሮ ልዝጋ? አልሸጥም አልኩ። ታዲያ ምን ትውጫለሽ አለኝ ለማ። እሱ የውሃ ሥራዎች መጋዘን ጸሐፊ ነው፤ ደመወዙ ቤት ኪራይና ምግብ ነው። የእኔ የሕመም ፈቃድ ካለቀ ቆየ፤ ደመወዝ የለም።

ዛሬ ጠዋት ሻይ አፍልቶ ሰጠኝ። ጠጣሁ።

ጥቅምት 24፣ ጠዋት 1፡45

ጎህ ሲቀድ የጋሽ በየነ ጥሩምባ። የእድራችን ለፋፊ ናቸው፤ ድንኳኑንም የሚይዙት እሳቸው። ከወንዙ ማዶ ያሉ ሽማግሌ ዐረፉ። ነፍሳቸውን ይማር፣ ጠግበው የኖሩ ናቸው። በመስኮት አየሁ፦ ድንኳን ሄደ፣ ወንበር ሄደ፣ ገንዘብ ያዡ ቦርሳውን በብብቱ ይዞ ሄደ።

ሳስበው አናደደኝ። አሰገደች በሚል ስም አሥራ አንድ ዓመት በየወሩ ከፍያለሁ። ስሞት ገንዘቡን ለለማ ያስታቅፉታል። እኔ እንድሞት የሚያደርገኝ ደግሞ የዚያው ገንዘብ መታጣት ነው። ይሄ ምን የሚሉት ሒሳብ ነው? አራተኛ ክፍል ተማሪ ይስቅበታል።

ከጎን ላሉት ለአደ ሀሊማ ነገርኳቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ እናቴ እሳቸው ናቸው። ስሞት የሚሰጡኝን አሁን ይስጡኝ፣ ያኔ አልጠይቅም አልኳቸው። «ማሎ! እባክሽ አሴ! አላህ ያርቀው! ምን ዓይነት አፍ ነው!» ብለው ተነሥተው ወጡ። ሽንኩርቴን ልጬ ሳልጨርስ ተመለሱ። በር ላይ ቆመው፣ «ግን እኮ እውነትሽን ነው» አሉ። የእድሩ ዳኛ አባ ገሮ የባለቤታቸው ዘመድ ናቸው። እኔ እነግራቸዋለሁ፣ አንቺ ዝም በዪ ብለውኛል።

ጥቅምት 27፣ ጠዋት 3፡00

አባ ገሮ ራሳቸው መጡ! ኮፊያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ (የቆርቆሮና ሚስማር ሱቅ አላቸው)፣ ስለ ሁሉም ነገር አወሩ። ሻዩ ሊያልቅ ሲል ወደ ነገሩ መጡ።

ኮሚቴው ሱቃቸው ውስጥ ተሰብስቦ ነበር። ሦስት ሰው። አንደኛው ሟርት ነው፣ በቁሟ የቀብር ገንዘብ ሰጥተን ብትሞት ገደላችኋት እንባላለን አለ። ሁለተኛው ደንቡ ለሞተ ብቻ ይላል አለ። አባ ገሮ ምን እንዳሏቸው ሲነግሩኝ በሳቅ ነው፦ «ገንዘቡ የሷ ነው፣ እኛ ቀኑን ብቻ ነው የምንቀይረው!»

ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ። አንድ፣ ለማንም እንዳልናገር፤ ከሰማ ሁሉም ይመጣል። ሁለት፣ የሞትኩ ዕለት ድንኳንና አካፋ እንጂ ገንዘብ የለም። አካፋውንም ለጊዜው ያቆዩልኝ አልኳቸው። አሚን ብለው መርቀውኝ ወጡ። ለማን ለመንገር እስከ ማታ መጠበቅ አልቻልኩም፤ መ/ቤቱ ድረስ ደወልኩ። የእድሩን መዋጮ ስትከፍዪ ሁልጊዜ የማማርረው እኔ ነበርኩ አለ።

ጥቅምት 30፣ እሑድ፣ ከሰዓት 9፡00

ዓይኔ ሊወድቅ ነው፣ አጭር። ገንዘብ ያዡ መጣ። ሰጠን። ለማ ያጠራቀማት ስትጨመር ለሦስት ወር ትበቃለች። የነገ የጠዋቱ ባስ ትኬት ተቆርጧል። ገንዘቡን የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ አስገብቶ በመርፌ ሰፋው፤ እንደ አሮጊት! ሳቅኩበት።

ደረቴ ቀለለኝ። ቡናው ዛፉ ላይ ነው፣ የደረጀ ልጆች ጉሮሮ ክፍት ነው። ጉዳዩ አሁን እስከ ሐሙስ መድረስ ነው፣ ለማ እስኪመለስ። የቀሩት ክኒኖች አሥራ ስምንት ናቸው፤ ባሱ ቢዘገይስ? የማታዋን መዝለል ይኖርብኛል።

ኅዳር 1፣ ቀን 5፡00

አልሞትኩም። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ፤ ምክንያቱም ሰፈሩ በሙሉ ሞታለች ብሎ ነው ያረፈደው።

በቅደም ተከተል ልሞክር። 

ለማ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጣ። ግንባሬን ሳመኝ። የማታዋን ውጫለሁ ብዬ ዋሽቼዋለሁ። ተመልሶ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ዓይኔ አልከፈት አለ። ሁለቱም። ምላሴ የሰው ምላስ። ክንዴ ከአልጋው አይነሣም። እምብዛም አልፈራሁም፤ አደ ሀሊማ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ ብልቃጧ የት እንዳለች ያውቃሉ። መጠበቅ ነው።

ከዚያ ጥሩምባ። ደግሞ ማን ሞተ ብዬ ጆሮዬን አቀናሁ። ጋሽ በየነ ስሜን ጠሩ። ከነአባቴ፣ ከነመምህርትነቴ። ቀብር ስምንት ሰዓት። ትንሽ አረፍ ብለው ያንኑ በኦሮምኛ ደገሙት። በሁለት ቋንቋ ሞትኩ።

እንዴት እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ኮሚቴው ምስጢር ነው ብሎ ለጋሽ በየነ አልነገራቸውም። ትናንት ገንዘብ ያዡን መንገድ ላይ አገኙት፤ ከየት ነህ ሲሉት የአሰገደችን ገንዘብ አድርሼ አላቸው። በቃ። ጋሽ በየነ በሃያ ዓመት ሥራቸው የእድር ገንዘብ ሬሳ የሌለበት ቤት ሲገባ አይተው አያውቁም። ለማን ደግሞ በጨለማ ኮቱን ቆልፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ አይተውታል። ለዘመድ ሊናገር ነው ብለው አዘኑለት። ቸኮሉ እንጂ ተሳሳቱ ለማለት እንኳን አይመችም።

ሴቶቹ ገቡ። በሩ ክፍት ነበር። ጋደም ብዬ፣ ዓይኔ ተከድኖ፣ አፌ ገርበብ ብሎ። ለቅሶው ጣሪያውን አነሣው። ጆሮዬ ደህና ነው፣ ደብተሬ፤ ሁሉንም ሰማሁ። ልጆች ላይ እጇን አንሥታ የማታውቅ አለች አንዷ። ማስመሪያዬ ምን ይል ይሆን! በቧንቧ ውሃ ተጣልተን ሁለት ዓመት ሰላም ያላለችኝ ጎረቤት ደግሞ እግሬን ይዛ ይቅር በዪኝ ትላለች፣ ከሁሉም አብልጣ ታለቅሳለች። ይቅር ብያታለሁ። ግን እንዴት ልንገራት?

ያኔ ፈራሁ። በእውነት ፈራሁ። አንዷ አፏን እንዝጋላት፣ አገጯን በጨርቅ እንሰር አለች። ትንፋሼ እንደሆነ ድሮም አጭር ናት። ያለኝን ጉልበት ሁሉ ወደ አንዲት ጣት ላክሁ። ሌባ ጣቴ ተነሣች። ያየችው ሴት ጮኻ ስትሸሽ ሁሉም በሩ ላይ ተጋጩ።

ከውጭ የአደ ሀሊማ ድምፅ። ሰው እየገፉ ነው የሚገቡት። በአውራ ጣታቸው የዓይኔን ቆብ ከፍ አደረጉ። አየኋቸው፤ አዩኝ። «ኢንዱኔ! አልሞተችም! ዞር በሉ፣ ውሃ አምጡ!» ቀና አድርገው ደረታቸው ላይ አስደገፉኝ፣ ክኒን ፈጭተው በማንኪያ፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ። ሙሉዋን። ቢላ የለ ምን የለ። ከዚያ ቤት ሙሉ ሴት ወተት ሊገነፍል እንደሚጠብቅ ሰው አፍጥጦብኝ ተቀመጠ። ቀኝ ዓይኔ ተከፈተ። ቆይቶ ምላሴ መጣ። ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው አልኩ።

እልልታው! ውጭ ድንኳን የሚተክሉት ወንዶች ሴቶቹ አበዱ ብለው ነበር።

ያው ዕለት፣ ከሰዓት 8፡00 (የቀብሬ ሰዓት)

አባ ገሮ ድንኳኑ አይነሣ፣ የመጣ ሰው ይቀመጥ አሉ። ንፍሮ ተጥዶ ነበር። በወንበር ተሸክመው አወጡኝ። የራሴን ንፍሮ ቀመስኩ፤ ሦስት ፍሬ ብቻ፣ ማኘክ ይከብደኛል። በሐሰት የሞተ ዕድሜው ይረዝማል አሉኝ ሴቶቹ። አሜን።

ለማ ደግሞ። ባሱ ለቁርስ አሰንዳቦ ሲቆም ስልኩ ጠራ። ማን እንደደወለለት እስካሁን አልነገረኝም፤ ወንድ ሁን ብቻ ነው ያለው። ምግቡን ትቶ፣ ሻንጣውን ባስ ላይ ትቶ፣ ወደ ጅማ በሚመለስ አይሱዙ ጆንያ ላይ ቆሞ መጣ። ድንኳኑን አየ። ከዚያ እኔን። መሬት ላይ ቁጭ አለና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ከዚያ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ፤ በአሥር ዓመት ትዳር ሰምቼው የማላውቀው ለቅሶ። ሲበርድለት የመጀመሪያ ቃሉ፣ «ማታ አልዋጥሽም፣ አይደል?» አልዋጥኩም አልኩት። በሰው ሁሉ ፊት። ክኒኗን ስቆርስ እንደኖርኩም ነገርኩት። አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ለምን እንደማፍር ጠፋኝ።

የኮቱ ኪስ እንደተሰፋ ነው። ነገ እንደገና ይሄዳል።

ኅዳር 2፣ ጠዋት 2፡15

ለማ ሄደ። የባሱ ረዳት ሚስቱ የተነሣችለት ሰውዬ አንተ ነህ ብሎ ሁለተኛ ትኬት አላስከፈለውም። አደ ሀሊማ ከእኔ ጋር አደሩ፤ ብልቃጧ እሳቸው ጉያ ናት፣ ሰዓቱን ጠብቀው ሙሉ ሙሉ ነው የሚሰጡኝ። የምታልቅ ከሆነ ትለቅ ብለዋል።

ትናንት አልጨረስኩልህም። ደረጀም መጥቷል። ሸቤ መርዶው በስልክ ደረሰ፤ እርማቱ ግን አልደረሰም፣ ኔትወርኩ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ከነመንደርተኛው በመኪና። ወንድሜ ከማዕዘኑ ጀምሮ እያለቀሰ። ሰው ሮጦ ቢነግረውም አላመነም። ዓይኔ ወርዶ ነበር ያኔ፤ በመዳፉ ፊቴን ዳሰሰኝ፣ ሙቀቴን ፈለገ። ሲያምን ተቆጣ! ቡናው እየረገፈ ጥሎ መምጣቱ ትዝ አለው። ማን ይለቅመዋል፣ እስክመለስ ግማሹ መሬት ነው፣ ለዚያ ነጋዴ ብሸጠው ይሻል ነበር አለ። ሙት ሆኜ ያልጎዳሁትን በሕይወት ጎዳሁት። ዛሬ መኪና ሲያገኝ ይመለሳል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። እኔ ነኝ።

ኅዳር 6፣ ጠዋት 1፡30

ክኒን አለ! ለማ ትናንት ማታ ገባ። ብልቃጦቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ እንደ ሕፃን ቆጠርኳቸው። ሙሉ ዋጥኩ። አራት ቀን ነው ሙሉ ስውጥ፤ ግራ ዓይኔ እንኳ ሥራ ገብቷል። ዛሬ በሁለት ዓይን ነው የማይህ፣ ደብተሬ። አስቀያሚ ነው ጽሕፈቴ።

ሐኪሙ ጋም ሄጄ ነበር። ታሪኩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ጮኸብኝ። መዝለል ትንፋሽ ይዘጋል፣ ሌላ ጊዜ ጥሩምባው እውነት ይሆናል አለኝ። ሌላ ክኒንም ጨመረልኝ፤ እዚሁ ጅማ በየፋርማሲው ያለ፣ ርካሽ። ከወራት በኋላ ከሠራልኝ የውድዋን ቁጥር እንቀንሳለን ይላል። ተስፋ አለ፤ ተስፋውም የቅርብ ነው።

ጋሽ በየነ ባርኔጣቸውን ይዘው መጥተው ነበር፣ ይቅርታ። ይቅርታ የሚጠይቁበት ነገር የለም፣ ድምፅዎ ደግሞ ያምራል አልኳቸው። ከልቤ ነው።

ኅዳር 8፣ ጠዋት 2፡30

ትናንት የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። ምስጢር የለ ከእንግዲህ፤ በጥሩምባ የወጣ ነገር። ግማሹ ኮሚቴውን ሊሽር ነው የመጣው። በቧንቧ የተጣላችኝ ጎረቤት ተነሥታ ተናገረች። ሞተች ሲባል ሳለቅስ ካላፈርኩ፣ በሕይወቷ ስንረዳት የምናፍረው ምንድን ነው አለች። ከባድ ሕመም ያለበት አባል ከቀብሩ ገንዘብ አስቀድሞ ይውሰድ ተባለ። አንዴ ብቻ፣ በሐኪም ወረቀት። አባ ገሮ እኔን አይተው፣ ተከፍሎኛል ብለሽ መዋጮ እንዳትቀሪ አሉ። ሳቅ ሆነ።

ግን ሦስት ወር ሦስት ወር ነው። የካቲትና መጋቢት ይመጣሉ። እድሩ ሁለቴ አይከፍል። ከደረጀ ወሬ የለም።

ኅዳር 11፣ ጠዋት 1፡50

ደረጀ መጣ። ራሱ። በር ላይ ሲስቅ ሳየው መጥፎ ወሬ እንዳልሆነ አወቅሁ፤ ተቀምጬ ነው የሰማሁት።

ደብተሬ፣ እንዲህ ሆነ። ለለቅሶዬ ጅማ ሲመጣ፣ የቀሩት የመንደሩ ሰዎች የሐዘንተኛ ቡና ዛፍ ላይ አይቀርም አሉ። ደንባቸው ነው። እህሉ ሜዳ ላይ ላለ ሐዘንተኛ ያጭዱለታል፤ ቡናው ለቀላ ይለቅሙለታል። ቅርጫት ይዘው ገቡ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ከት/ቤት የተመለሰው ልጅም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። የለቀሙትን በዕለቱ ዋጋ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያው አስረከቡለት። ደረጀ ሲመለስ ዛፉ ባዶ፣ ገንዘቡ ሽማግሌው ጋር። ለጉልበታችን ብለው አንዲት ሳንቲም አልነኩም። ነጋዴው ሲመጣ ቅጠል ጠበቀው።

ደረጀ እንዲህ አላቸው፦ እህቴ እኮ አልሞተችም፣ አታለልኳችሁ። ሽማግሌው፣ «ታዲያ ይሄ ያስለቅሳል እንዴ? ለሞት ያወጣነውን ጉልበት ለሕይወት አድርጉልን!» አሉ።

ድርሻዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። ለሚመጡት ሦስት ወራትም ይበቃል፣ ከዚያም ያልፋል። ልጆቹ ደብተር ተገዝቶላቸዋል። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው። ተቃቅፈን አለቀስን፤ አሁንም እየጻፍኩ አለቅሳለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነው፣ ተወኝ።

ኅዳር 13፣ ጠዋት 12፡40

የሸቤ ሰዎች ሊያዩኝ ይፈልጋሉ። አልቅሰውልኛል፣ ለቅመውልኛል፤ መብታቸው ነው። ዛሬ እንሄዳለን። የለማ ዕቅድ በጠዋት ደርሰን፣ ሰላም ብለን፣ ምሳ ሳይደርስ መመለስ ነው። ዓይኔ ሳይወርድ፣ ምላሴ ሳይተሳሰር። እኔ እንዳላፍር ብሎ ነው፣ ደግ ሰው። ትናንት እሺ ብዬው ነበር።

ሌሊቱን ሳስበው ግን ነገሩ አልጣመኝም። እነዚያ ሰዎች የለቀሙት ለየትኛዋ አሰገደች ነው? ለጠዋቷ፣ ቀጥ ብላ ለምትቆመው? እሷማ ክኒን አትፈልግም ነበር። የለቀሙት ከሰዓት በኋላ ላለችው ነው፤ አገጯን በመዳፏ ለምትደግፈው። እሷን ሳላሳያቸው ብመለስ የሰው ጉልበት በልቼ መሸሽ ይሆንብኛል።

ስለዚህ አልመለስም። ደረጀ ቤት አድራለሁ። ከምሳ በኋላ ከሽማግሌው ጎን እቀመጣለሁ፣ ዓይኔ ሲወድቅ ይውደቅ፣ የሚጠይቀኝ ካለ በተሳሰረ ምላሴ እመልሳለሁ። አስፈሪ ነው። ግን ቀሎኛል።

ለማን ነገርኩት። አየኝ፣ የመመለሻውን መኪና ሊሰርዝ ወጣ። ባጃጁ በር ላይ ነው፣ ደረጀ ያጣድፈኛል። ዛሬ ከሰዓት በኋላም ከሰው ጋር ነኝ።